ግሪንሊ 555 የኤሌክትሪክ ቱቦ ማጠፊያ ማሽን፦ ከአሠራሩና ከማስተካከያው አንጻር የተደረገ ግምገማ

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በተለይም በላውደን ካውንቲ አሽበርን አካባቢ በሚገነቡት የዳታ ማዕከላት የሚሠራ ኤሌክትሪሻን የሥራ ቀኑን አብዛኛውን ክፍል የሚያሳልፈው ከሽቦው ጋር ሳይሆን ሽቦው ከሚያልፍበት የብረት ቱቦ ጋር ነው። ቱቦው በጣሪያ ሥር በመደዳ ይሰለፋል፤ ምሰሶ ሲያጋጥመው ይታጠፋል፤ የአየር ማስተላለፊያ ሲያጋጥመው ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ፓነሉ ጋ ሲደርስ በትክክል 90 ዲግሪ ታጥፎ ይወርዳል። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በዚህ ሙያ የተሰማራን አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት ስላልሆንን፣ በየሳይቱ በብዛት ስለምናገኘው ስለ ግሪንሊ 555 የኤሌክትሪክ ማጠፊያ ያለኝን አስተያየት፣ ማሽኑን ለመከራየትም ሆነ ለመግዛት ለሚያስብ፣ እንዲሁም ገና አፕሬንቲስ (ተለማማጅ) ሆኖ ፎርማኑ ማሽኑ ላይ ለመደበው ሰው ይጠቅማል ብዬ በዝርዝር አቀርባለሁ።

ግሪንሊ እ.ኤ.አ. በ1862 በኢሊኖይ ግዛት የተመሠረተ፣ ከ2018 ጀምሮ በኤመርሰን ኩባንያ ሥር የሚገኝ የመሣሪያ አምራች ነው። 555 ተብሎ የሚታወቀው ማሽኑ ከግማሽ ኢንች እስከ 2 ኢንች ያሉትን ሦስት ዓይነት የብረት ቱቦዎች፣ ማለትም ስሱን ኢኤምቲ፣ መካከለኛውን አይኤምሲና ወፍራሙን ሪጂድ ያጥፋል። ከ2 ኢንች ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ኢንች ላለው ቱቦ ግን የሃይድሮሊክ ማጠፊያ ያስፈልጋል፤ የዚያው ኩባንያ 881 የሚባለው ማሽን የተሠራው ለዚያ ነው። ስለዚህ የሥራው ፕላን በአመዛኙ 3 እና 4 ኢንች ቱቦ የሚጠይቅ ከሆነ 555ን መከራየት ትርፍ የለውም።

ዋናውን ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ማሽኑ ጠንካራ ነው፤ 2 ኢንች ሪጂድ ቱቦን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 90 ዲግሪ ያጥፋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማለዳ ያጠፈውን ከሰዓት በኋላ ሳያዛንፍ ይደግመዋል። ይህ የመድገም ችሎታው በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን የሚሄዱ አሥርና አሥራ ሁለት ቱቦዎች አንድ እጅ የሠራቸው እንዲመስሉ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ይህን ውጤት የሚሰጠው በሚገባ ለተስተካከለለት ሰው ብቻ ነው። ስለ ማሽኑ የሚሰማው አብዛኛው ቅሬታ፣ ቱቦ ይጨፈልቃል፣ ዲግሪ ይስታል፣ ይሸበሽባል የሚለው ሁሉ፣ ጠጋ ብለው ሲመረምሩት የሚያያዘው ከሞተሩ ጋር ሳይሆን ከሹው (ቱቦው ከሚታጠፍበት ክብ ብረት) ምርጫ፣ ከሮለሩ አቀማመጥና ከዜሮው አያያዝ ጋር ነው።

የማሽኑ አሠራር ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ አንድን ወፍራም ዘንግ በዝግታ ያዞራል፤ በዘንጉ ላይ ሹ የሚባለው፣ ጠርዙ ላይ ለቱቦው ልክ ቦይ የተቀረጸለት ከባድ ብረት ይገጠማል። ከሹው ፊት ለፊት ያለው መንጠቆ ቱቦውን ይይዘዋል፤ ከኋላ ያሉት ሮለሮች ደግሞ ቱቦው ወደ ቦዩ ተጠግቶ እንዲቀመጥ ይገፉታል። ሹው ሲዞር መንጠቆው ቱቦውን ይጎትታል፤ ቱቦውም በሮለሮቹና በቦዩ መካከል እያለፈ የሹውን ክብነት ይይዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸል የሚለው ነገር አለ። 2 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ኢኤምቲ የውጭ ስፋቱ 2.197 ኢንች ሲሆን፣ 2 ኢንች ተብሎ የሚሸጠው ሪጂድ ግን 2.375 ኢንች ነው። ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ስሱ ኢኤምቲ ለሪጂድ በተቀረጸ ቦይ ውስጥ ሲቀመጥ ጎንና ጎኑ ክፍተት ስለሚያገኝ የሚደግፈው ነገር የለም፤ ሹው መዞር ሲጀምር ቱቦው ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ላይ ይጨፈለቃል፣ ከዚያም በአንድ ቦታ ድንገት ይሰበራል። ሪጂዱን በአንጻሩ ለኢኤምቲ በተቀረጸ ቦይ ለማስገባት መሞከር ሹውን ራሱን ያበላሻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ከማሽኑ በፊት በዓይን የሚደረግ ነው፤ በሹው ላይ የተቀረጸውን የቱቦ ዓይነትና መጠን ማንበብ፣ በእጅ ካለው ቱቦ ጋር ማመሳከር፣ ከዚያም የሮለሩን ድጋፍ ለዚያው ዓይነትና መጠን ወደተመደበለት ቦታ አዙሮ ፒኑን እስከ መጨረሻው ማስገባት ያስፈልጋል። ፒኑ በከፊል ገብቶ የቆመ ሮለር ባዶውን ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣበት ግን ይንሸራተታል።

የሹው ስብስብ እንደ ግዢው ዓይነት ስለሚለያይ፣ የሚከራይ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት የሚያስፈልገውን የቱቦ ዓይነት በግልጽ ማስጻፍ አለበት። አንድ አከራይ ድርጅት የኢኤምቲ ሹ ከሪጂድ ሮለር ጋር ደባልቆ ልኮልን ከሰዓት በፊት ያለው ጊዜ በሙሉ ባክኖብናል፤ ማሽኑ ከመኪና ከመውረዱ በፊት ሹውንና ሮለሩን አንድ በአንድ ማረጋገጥ ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ማስተካከያ የሮለሩ ግፊት ነው፤ በተለይ ለትላልቆቹ ኢኤምቲዎች ወሳኝ ነው። የታጠፈውን ቱቦ አውጥቶ የውስጠኛውን ጥምዝ በጣት መዳሰስ ይበቃል። ጣት ሲያልፍበት ተከታታይ ሽብሽቦች ከተሰሙ ሮለሩ ቱቦውን ወደ ቦዩ በበቂ ሁኔታ እየገፋው አይደለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ግፊቱን መጨመር ያስፈልጋል። ሽብሽቡ ጠፍቶ ነገር ግን ቱቦው ከጎን ሲታይ እንቁላል ቅርጽ ከያዘ ግፊቱ በዝቷልና መቀነስ አለበት። ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ ማዞር፣ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላም በቁራጭ ቱቦ ላይ መሞከር ይገባል። በአንድ ጊዜ ብዙ ማዞር ከአንዱ ጉድለት ወደ ሌላው ያሻግራል እንጂ መካከለኛውን ልክ አያሳይም። ይህ ማስተካከያ አንዴ ከተገኘ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ማንም መንገደኛ መፍቻ ይዞ እንዳይነካው መጠበቅ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ዜሮ መያዝ ነው። ቱቦው መንጠቆው ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ በመንጠቆው፣ በሹውና በሮለሩ መካከል ሁልጊዜ ትንሽ ልልነት ይኖራል። ሹው መዞር ሲጀምር የመጀመሪያዎቹን ዲግሪዎች የሚፈጀው ቱቦውን በማጠፍ ሳይሆን ይህን ልልነት በመሙላት ነው። ስለዚህ በገመድ የተንጠለጠለውን መቆጣጠሪያ ይዞ የማጠፊያውን ቁልፍ ነካ ነካ በማድረግ ቱቦው ጥብቅ ብሎ እስኪያዝ ድረስ ሹውን ማንቀሳቀስ፣ ከዚያ ጠቋሚውን በዜሮው ላይ ማድረግ ነው። ይህን ሳያደርግ ዲግሪ ማንበብ የሚጀምር ሰው የታጠፉት ቱቦዎቹ ሁሉ እርስ በርሳቸው ይለያዩበታል፤ ምክንያቱም ልልነቱ ከቱቦ ቱቦ እኩል አይደለም።

ከዜሮው በኋላ የሚመጣው፣ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጉዳይ የቱቦው ወደ ኋላ መመለስ ነው። ብረት ሲታጠፍ ከፊሉ ለዘለቄታው ቅርጹን ይለውጣል፤ ከፊሉ ግን ግፊቱ ሲነሳለት ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሳባል። በዚህ ምክንያት ጠቋሚው 90 ላይ ሲደርስ የተቆመ ቱቦ ሹው ሲለቀው ከ90 ጥቂት ዲግሪ አንሶ ይገኛል። የሚመለሰው መጠን በሪጂድና በኢኤምቲ ላይ አንድ አይደለም፤ በመጠን ይለያያል፤ እንደ ቱቦው ፋብሪካም ይለያያል፤ የሚታጠፈው ዲግሪ በጨመረ ቁጥርም ይጨምራል። ማሽኑ ላይ የተለጠፈው ሰንጠረዥ ጥሩ መነሻ ቢሆንም የመጨረሻ ቃል አይደለም። አዲስ እስር ቱቦ በተከፈተ ቁጥር አንድ ቁራጭ ወስዶ ጠቋሚው 30 ላይ ሲደርስ ማቆም፣ ቱቦውን አውጥቶ በዲጂታል ውሃ ልክ መለካት፣ ከዚያም ለ45 እና ለ90 ይህንኑ መድገም ነው። የተገኘውን ልዩነት በማርከር ማሽኑ ሽፋን ላይ በተለጠፈ የፕላስተር ቁራጭ ላይ መጻፍ ልምድ ያላቸው ጆርኒማኖች (ተለማማጅነታቸውን የጨረሱ ባለሙያዎች) የሚያደርጉት ነው፤ ከእነርሱ በኋላ ማሽኑን የሚይዘው ሰው ያመሰግናቸዋል።

ቱቦው ካነሰ መልሶ አስገብቶ መጨመር ይቻላል። ከበለጠ ግን ማሽኑ ወደ ኋላ የሚያቃናበት መንገድ የለውም። በተለይ 2 ኢንች ሪጂድ ከሆነ፣ በእጅና በጉልበት ለማቃናት መሞከር ቱቦውን ያበላሻል፤ ሰውንም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ወደሚፈለገው ዲግሪ ሲቃረብ ቁልፉን ለቆ፣ ነካ ነካ እያደረጉ መድረስ ተገቢ ነው። ቁልፉ ሲለቀቅ ሹው የሚቆምበትን ሁኔታ ማሽኑን በተደጋጋሚ በመጠቀም እጅ ራሱ ይለምደዋል።

በ90 ዲግሪ ሲታጠፍ ምልክት የሚደረግበትን ቦታ ለማወቅ ከሚፈለገው ቁመት ላይ የሚቀነሰውን ልክ በተመለከተ፣ ሰንጠረዡ የጠፋበት ወይም የተፋቀበት ማሽን ሲያጋጥም በቀላሉ ማግኘት ይቻላል። ከቱቦው ጫፍ 20 ኢንች ለክቶ ምልክት ማድረግ፣ ምልክቱን ከመንጠቆው የፊት ጠርዝ ጋር አገጣጥሞ 90 ማጠፍ፣ ከዚያ የቆመውን ክፍል ከወለሉ እስከ ጫፉ መለካት ነው። ለምሳሌ 33 ኢንች ከመጣ፣ በዚያ ሹና በዚያ ቱቦ የሚቀነሰው 13 ኢንች ነው። 40 ኢንች ቁመት ሲፈለግ ምልክቱ 27 ላይ ይደረጋል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ለአንድ መጠንና ለአንድ ዓይነት ቱቦ ብቻ እንደሚሠራ፣ መንጠቆው ሊይዘው ከሚችለው በታች አጭር ቁመት ደግሞ በማሽኑ ሊወጣ እንደማይችል ማስታወስ ያሻል።

ለኦፍሴት፣ ማለትም ቱቦው ሁለት ጊዜ ታጥፎ እንቅፋት ለሚያልፍበት አሠራር፣ ሁላችንም በእጅ ማጠፊያ የተማርነው ስሌት እዚህም ይሠራል። በ30 ዲግሪ ሲታጠፍ የሚፈለገውን ከፍታ በ2 ማባዛት፣ በ45 ሲሆን በ1.4፣ በ22 ዲግሪ ተኩል ሲሆን በ2.6 ማባዛት ነው። 12 ኢንች ከፍታ በ30 ዲግሪ ለማለፍ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 24 ኢንች ይሆናል፤ ቱቦው ደግሞ ለእያንዳንዱ ኢንች ከፍታ ሩብ ኢንች፣ በጠቅላላው 3 ኢንች ያጥራል። በማሽኑ ላይ ኦፍሴት የሚበላሸው ታዲያ ከስሌቱ ይልቅ በሁለተኛው እጥፋት ላይ ነው። የመጀመሪያው ከታጠፈ በኋላ ቱቦው ወደፊት ተስቦ ልክ 180 ዲግሪ መገልበጥ አለበት፤ በጥቂቱም ቢሆን ካዘነበለ ሁለቱ እጥፋቶች በአንድ ልክ ላይ አይውሉም፤ ቱቦው ወለል ላይ ሲጋደም አንዱ ጫፍ ተነስቶ ይታያል። 10 ጫማ ርዝመት ያለውን 2 ኢንች ሪጂድ ማሽኑ ላይ መገልበጥ ቀላል ስላልሆነ፣ በቱቦው ጫፍ ላይ የሚታሰር ትንሽ ውሃ ልክ መጠቀም እመክራለሁ። ከመጀመሪያው እጥፋት በፊት አስሮ አረፋውን መሃል ማድረግ፣ ከገለበጡ በኋላም አረፋው መልሶ መሃል እስኪመጣ ቱቦውን ማስተካከል ነው። ማሽኑ በመጀመሪያና በሁለተኛው እጥፋት መካከል ከቦታው እንዳይነቃነቅ መንኮራኩሮቹን መቆለፍም የዚሁ አካል ነው።

ከአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ አንጻር ማሽኑ የሚሰጠው የጥምዝ ስፋት ለቱቦዎቹ የሚፈቀደውን ያሟላል፤ ለ2 ኢንች ቱቦ በእንዲህ ዓይነት ሙሉ ሹ ለሚያጥፍ ማሽን ደንቡ የሚጠይቀው ዝቅተኛ የጥምዝ ሬዲየስ 9 ኢንች ተኩል ነው። ማሽኑ ሊጠብቀው የማይችለው ግን የ360 ዲግሪውን ገደብ ነው። በሁለት የሽቦ መሳቢያ ሣጥኖች መካከል ያሉት እጥፋቶች ድምር ከ360 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ማጠፍ ሲቀል ሰው እጥፋት ማብዛት ስለሚቀናው፣ ይህን ድምር የሚያሰላው ሰው ማሽኑ ጋ የቆመው ራሱ ሊሆን ይገባል፤ ሽቦ በሚሳብበት ቀን ሲደረስበት ሣጥን ለመጨመር በጣም ዘግይቷል።

በሰሜን አሜሪካ ማሽኑን የምናገናኘው በ120 ቮልት መስመር ላይ ሲሆን፣ ጭነት ሲይዝ ብዙ አምፒር ይስባል። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ላይ ሲሰካ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ወፍራም ቱቦ ሲገባ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይሞቃል። ገመዱ አጭርና ወፍራም፣ ቢያንስ 12 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት ልክ) መሆን አለበት፤ ከዚያ መስመር ላይ ሌላ ከባድ መሣሪያ ባይሰካ ይመረጣል። በግንባታ ቦታ ላይ እንደሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ ከጂኤፍሲአይ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ መስመሩን ከሚቆርጥ) ጥበቃ ጋር መሰካቱ ግዴታ ነው።

ስለ ደህንነት የምናገረው አጭር ቢሆንም ከልቤ ነው። በሹውና በሮለሩ መካከል ያለው ክፍተት ጣትን ለይቶ አያውቅም፤ ቱቦውን በግራ እጅ እየደገፉ በቀኝ እጅ ቁልፉን መጫን በየሳይቱ የሚታይ መጥፎ ልማድ ነው። የሚታጠፈው ቱቦ ጫፍ ወደ ላይ እየተነሳ በሰፊ ቅስት ስለሚዞር፣ በዚያ ቅስት ውስጥ ሰው፣ መሰላልም ሆነ የተንጠለጠለ መብራት አለመኖሩ አስቀድሞ መታየት አለበት። ሹ ሲቀየርና ሮለር ሲስተካከል ገመዱ ከሶኬቱ ይነቀል።

አሁን ወደማልወድለት ነገር ልለፍ። ማሽኑ ከባድ ነው፤ መንኮራኩር ቢኖረውም ደረጃ ላይና ባልተደለደለ መሬት ላይ ያለ ሁለት ሦስት ሰው አይንቀሳቀስም፤ ትላልቆቹ ሹዎች ለብቻቸውም ወገብ ያስታምማሉ። ለግማሽ ኢንችና ለ3/4 ኢንች ኢኤምቲ፣ ምንም እንኳ ማሽኑ የሚችለው ቢሆንም፣ የእጅ ማጠፊያ ይሻላል እላለሁ፤ ሹና ሮለር እስኪቀየር ድረስ ጎበዝ ሠራተኛ በእጁ ጨርሶ ይሄዳል። የማሽኑ እውነተኛ ጥቅም የሚጀምረው ከ1 ኢንች ሩብ ወደ ላይ ነው። በተጨማሪም ሹው የሚሰጠው የጥምዝ ስፋት አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን የሚዞሩ ቱቦዎች በእኩል ርቀት እየተከታተሉ እንዲዞሩ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ አንዱን 90 በብዙ ትናንሽ እጥፋቶች ከፋፍሎ መሥራት ግድ ይላል፤ ያኔ ደግሞ ከላይ የዘረዘርኩት የዜሮና የመመለስ ጉዳይ በእያንዳንዱ ትንሽ እጥፋት ላይ ይደጋገማል። በአንድ ቀን ውስጥ ከኢኤምቲ ወደ ሪጂድ ደጋግሞ የሚመላለስ ሳይት ከሆነ፣ ሹ ሳይቀየር ሦስቱንም ዓይነት የሚያጥፈው የዚያው ኩባንያ 855 ሞዴል የተሻለ ምርጫ ነው።

ዋጋው አዲስ ሲሆን ብዙ ሺህ ዶላር ስለሆነ በግሉ ለሚሠራ ሰው የሚያዋጣው ኪራይ ነው፤ መግዛት ትርጉም የሚኖረው ሥራው ዓመቱን ሙሉ ለማይቋረጥለት ኮንትራክተር ነው። አገር ቤት ልላከው ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ወዳጆች አሉ። በኢትዮጵያ መስመሩ 220 ቮልት 50 ኸርዝ በመሆኑ የ120 ቮልቱን ማሽን ለማስነሳት ቢያንስ 3000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ይጠይቃል፤ ከዚያም በላይ ሹዎቹ የተቀረጹት ለአሜሪካ ቱቦ ልክ ስለሆነ፣ እዚያ ገበያ ላይ ያለው የብረት ቱቦ የውጭ ስፋት በካሊፐር ተለክቶ ከሹው ጋር ካልተመሳከረ ማሽኑ የተላከበትን ሥራ አይሠራም። ለመኖሪያ ቤት ሥራ ደግሞ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው በአብዛኛው የፕላስቲክ ቱቦ ስለሆነ ማሽኑ አያስፈልግም።

ያገለገለ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከቀለሙ ይልቅ እነዚህን ይመልከት። የሹው ቦይ ውስጡ በጣት ሲዳሰስ ለስላሳ መሆን አለበት፤ የተቧጨረ ቦይ ኢኤምቲውን ሁሉ ይቧጭራል። መንጠቆው ከንፈሩ ላይ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ይተው። ሮለሮቹ በእጅ ሲዞሩ ሳይንገጫገጩ መዞር፣ የሚገቡባቸው ፒኖችም ሳይወዛወዙ መግባት አለባቸው። መቆጣጠሪያው ላይ ያሉት የማጠፊያና የመመለሻ ቁልፎች ሲለቀቁ ማሽኑ ወዲያው መቆም አለበት። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነም በገዛ ቱቦ፣ በተለይ በ2 ኢንች ኢኤምቲ፣ አንድ 90 አጥፎ የውስጡን ጥምዝ መዳሰስና ዲግሪውን መለካት ከማንኛውም የሽያጭ ቃል የበለጠ ይናገራል፤ ስሱና ሰፊው ቱቦ ሳይሸበሸብና ሳይጨፈለቅ ከወጣ ሹው፣ ሮለሩና ግፊቱ በሥርዓቱ ናቸው ማለት ነው።